ፎርጅዱ ዲርሃም፦ ቫይኪንጎችን ለስምንት ዓመት ልጆች ስናስተምር

በመጀመሪያው ዓመት የክፍላችን ግድግዳ በቀንድ ተሞልቶ ነበር። ሃያ ስምንት ልጆች፣ ሃያ ስምንት የካርቶን ቆብ፣ ሃምሳ ስድስት ቀንድ። ወላጆች መጥተው ፎቶ አነሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቀንዶቹን በስቴፕለር እያያያዝኩ ያመሸሁት እኔው ነኝ።

የምሠራው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ረዳት መምህር ነኝ። ልጆቹ ስምንትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለቫይኪንጎች፣ ከሺህ ዓመት በፊት ከስካንዲኔቪያ በመርከብ ይመጡ ለነበሩት ሰዎች፣ ያለን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው፤ እሱም በሳምንት አንድ ከሰዓት። የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ያስቀመጠው ርዕስ ቫይኪንጎችና አንግሎ ሳክሶኖች (ቀድመው እንግሊዝ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት) ለእንግሊዝ መንግሥት ያደረጉት ትግል ነው። «ትግል» የሚለው ቃል ርዕሱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሰይፍ ይጀምራል። እኛም በ793 ሊንድስፋርን ገዳም ላይ ከደረሰው ወረራ ጀመርን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ866 ዮርክን በያዘው ሠራዊት ቀጠልን። በ1066 ጨረስን።

በመጨረሻው ቀን «ስለ ቫይኪንጎች የምታውቁትን ጻፉ» አልናቸው። መጡ፣ ገደሉ፣ ዘረፉ፣ ሄዱ። አብዛኛው ወረቀት ይኸው ነበር። አንዷ ልጅ የጻፈችው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ቫይኪንጎች ሥራ አልነበራቸውም።»

እውነቷን ነው። እኛ ባሳየናት ታሪክ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ቫይኪንግ አልነበረም። የሚያርስ የለ፣ የሚሸጥ የለ፣ ሚዶ የሚቀርጽ የለ። ቀንዱ ደግሞ ጭራሽ ውሸት ነው። ባለ ቀንድ የቫይኪንግ ራስ ቁር እስካሁን አንድም አልተገኘም። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ የተገኘው ራስ ቁር ክብ ነው፣ መነጽር የመሰለ የዓይን መከለያ አለው፣ በቃ። ቀንዱን በዓለም ያስፋፋው በ1876 ጀርመን ውስጥ ለታየ ኦፔራ የተዘጋጀ አልባሳት ነው። የመድረክ ልብስ ስንሠራ ነበር የከረምነው።

በሁለተኛው ዓመት ከክፍሉ መምህርት ጋር ተቀምጠን «በዚህኛው ዙር ከሥራ እንጀምር» አልን። ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም።

ዮርክ ከተማ ውስጥ ኮፐርጌት የሚባል መንገድ አለ። እዚያ የነበረ የከረሜላ ፋብሪካ ፈርሶ ቦታው ሌላ ነገር ሊሠራበት ሲል፣ አርኪዮሎጂስቶች ከ1976 እስከ 1981 ቆፈሩት። አፈሩ እርጥብ ነው፣ አየር አያስገባም። ሌላ ቦታ ቢሆን በስብሶ የሚጠፋው ሁሉ እዚያ ሺህ ዓመት ቆይቶ ጠበቃቸው። የቤት ግድግዳ፣ ጫማ፣ የእንጨት ሳህን፣ ጨርቅ፣ በአንዲት መርፌ የተሠራ የሱፍ ካልሲ። ወደ 40,000 ዕቃ ወጣ። በ1984 ቁፋሮው በተካሄደበት ቦታ ላይ ዮርቪክ የተባለው ሙዚየም ተከፈተ። ዮርቪክ ማለት ቫይኪንጎች ዮርክን የሚጠሩበት ስም ነው። ጎብኚው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደገና በተሠራው ሰፈር ውስጥ ያልፋል፤ ሽታው ሳይቀር ተሠርቶለታል። በ2015 መጨረሻ ጎርፍ ገብቶበት እስከ 2017 ተዘግቶ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርት በመንገዱ ስም ጀመርን። ልጆቹ «ጌት» ሲሉ በር ነው የሚመስላቸው። አይደለም። በቫይኪንጎቹ ቋንቋ መንገድ ማለት ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ከዋንጫ ጋር የተያያዘ ነው። ኮፐርጌት የዋንጫ ሠሪዎች መንገድ ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ ሲቆፍሩ በእርግጥም እንጨት እያሽከረከሩ ሳህንና ዋንጫ የሚያወጡ ሰዎች የጣሉት ትርፍራፊ ተገኘ። ስሙና አፈሩ ተስማሙ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ «ሥራ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ዋንጫ ሠሪ አልኩ። ልጆቹ ከዕቃዎቹ ፎቶ እያዩ ጨመሩበት። ጫማ ሰፊ፣ ሚዶ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ጌጥ ሠሪ። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ስድስቱንም ሳምንት ቆየ።

መቼም የስምንት ዓመት ልጅ ካለ ካካ መነሳቱ አይቀርም። ዮርክ ውስጥ በ1972 አንድ ባንክ ሊሠራበት ከነበረ ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ድንጋይ የሆነ የቫይኪንግ ዘመን ዓይነ ምድር ተገኝቷል። ሰውየው ሥጋና ዳቦ እንደሚበላ፣ ሆዱ ውስጥም ወስፋት እንደነበረበት ከዚያ ታውቋል። በዚህ ጉዳይ ላይ አሥር ደቂቃ መድበን አርባ ፈጀን። አልቆጨኝም። «ሰው ነበሩ» የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ወደ ንግዱ ስንገባ መምህርቷ ትልቅ ካርታ አምጥታ ነበር። ቀስቶች ከስካንዲኔቪያ ወጥተው ወደ አራቱም አቅጣጫ ይሄዳሉ። ካርታው ትክክል ነው፤ ግን ልጅ ቀስት አይገባውም። ቀስቱ ላይ ማን አለ? ለምን ይሄዳል? በኋላ ካርታውን ጠቅልለን አስቀመጥነውና አንድ ሳንቲም አወጣን። የሳንቲሙን ፎቶ ማለቴ ነው።

ኮፐርጌት ላይ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል አንድ የእስላም አገር ሳንቲም አለ። ዲርሃም ይባላል። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው። በሳማርካንድ፣ ማለትም በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን፣ ለሳማኒድ ሥርወ መንግሥት ገዥ ለእስማኤል ኢብን አህመድ እንደተመታ ይናገራል፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። ከሳማርካንድ እስከ ዮርክ በአየር መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልጆቹ «ዋው» አሉ። ከዚያ መምህርቷ ቀስ ብላ ጨመረች፦ «ችግሩ፣ ሳንቲሙ ፎርጅድ ነው።»

ክፍሉ ተናወጠ። ውስጡ መዳብ ነው፤ ላዩን ብር እንዲመስል ተቀብቷል። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ሌላውን ሸውዷል። ስለ 793 ስናወራ ዝም ብለው የተቀመጡት ልጆች ሁሉ አሁን እጃቸውን አወጡ። ማን ሸወደ? የተሸወደው መቼ ነቃ? ሲነቃ ምን አደረገ? ንግድ ማለት ለልጅ ይሄ ነው። መሸወድን ያውቀዋል፤ በእረፍት ሰዓት ካርድ ይለዋወጣል፣ ይሸወዳል፣ ያለቅሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ አቆምን። ገንዘቡ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ የቸኮሌት ሳንቲም ነበር (አለርጂ ያለበት ልጅ መኖር አለመኖሩን አስቀድመን አጣርተናል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም)። ከሳይንስ ክፍል ሚዛን ተዋስን። ቫይኪንጎቹ ጋ ብር እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ብር ነው የሚታየው፤ ዋጋው በክብደቱ ነው። ሙሉ ሳንቲም ከበዛ በመቁረጫ ይቆርጡታል፣ ቁራጩን ይመዝናሉ። ነጋዴው የሚታጠፍ ትንሽ ሚዛን ይዞ ይዞራል። ብሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅም በቢላ ጫፍ ወጋ ያደርጉታል ወይም ያጥፉታል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ይሄ ጠባሳ ዛሬም ይታያል።

እኔ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለሁም። የእኛ ገንዘብ ስሙ ራሱ ብር ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር ከመቀበላቸው በፊት ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸችው እቴጌ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች እየቆጠሩ ይመረምሩ ነበር። ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «ሚስ፣ አያትሽ ቫይኪንግ ናት?» አለኝ።

ገበያው ሲጀመር የጠበቅነው ትርምስ መጣ። ያልጠበቅነው ግን አንድ ነገር ነበር። የፀጉራም ቆዳ ሻጭ የሆነች ልጅ ሳንቲሙን ተቀብላ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ብርማው ወረቀት ተቀደደ። ከሥሩ ቡናማ። ቀና ብላ «ፎርጅድ ነው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም የየራሱን ቀደደ። ሁሉም ቡናማ! ላዩ ብር፣ ውስጡ ሌላ፤ ልክ እንደ ኮፐርጌቱ ዲርሃም። እኛ አስበን ያደረግነው እንዲመስል ፈገግ አልን። አላሰብነውም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የአገሩ ገንዘብ በሙሉ ተበልቶ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሳንቲሙን ወደ ኋላ ተከተልነው። ካርታውን አሁን ዘረጋነው፤ ግን ከዮርክ ተነስተን በተቃራኒው። ዮርክ፣ ከዚያ የባልቲክ ባሕር። እዚያ ጎትላንድ የምትባል የስዊድን ደሴት አለች። በ1999 ስፒሊንግስ በተባለ እርሻ ላይ 67 ኪሎ የሚሆን ብር ተገኝቶባታል፤ ከ14,000 በላይ ሳንቲም ያለበት፣ አብዛኛው የእስላም አገር ነው። 67 ኪሎ ማለት ምን ማለት ነው? በክፍሉ ልጆች መዘንነው። ከሁለት ልጅ ይበልጣል። ከጎትላንድ ወደ ምሥራቅ የሩሲያ ወንዞች ይከተላሉ፣ ከዚያ ቮልጋ፣ ከዚያ ቮልጋ ዳር የነበረው የቡልጋር ገበያ፣ ከዚያ በበረሃ ግመል እስከ ሳማርካንድ።

ቮልጋ ላይ ምስክር አለን። ከባግዳድ ኸሊፋ ዘንድ የተላከው ኢብን ፋድላን በ922 ሩስ የሚባሉትን የሰሜን ነጋዴዎች አይቶ ጽፏል። ባል 10,000 ዲርሃም ሲኖረው ለሚስቱ አንድ የአንገት ቀለበት ያሠራል፤ 20,000 ሲሞላ ሁለት። ልጆቹ «30,000ስ?» እያሉ ሒሳብ ሠሩ። ከሁሉ የጣማቸው ግን ጸሎቱ ነው። ነጋዴው ሰው በሚመስል የእንጨት ምስል ፊት ዕቃውን ይቆጥርና ብዙ ዲርሃም ያለው፣ ያልኩትን ዋጋ የማይከራከር ገዥ ላክልኝ ብሎ ይለምናል። መርካቶ ውስጥም ይሄን በሌላ ስም የሚጸልይ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሥርዓተ ትምህርቱን ትንሽ ልውቀስ። ለዚሁ ዕድሜ ከተቀመጡት ርዕሶች አንዱ ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሥልጣኔ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ በ900 አካባቢ የነበረችው ባግዳድ ናት። ያው ዘመን፣ ያው ብር። እኛ ትምህርት ቤት ባግዳድ የሚማሩት በሌላ ዓመት፣ በሌላ ደብተር ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሳንቲም ዮርክ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ!

በአራተኛው ሳምንት የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ቫይኪንጎቹ ለብሩ ምን ሰጡ?» ፀጉር ያለው ቆዳ፣ አምበር (ለጌጥ የሚሆን የደረቀ የዛፍ ሙጫ)፣ ማር፣ ሰም፣ ዋልረስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ጥርስ። እና ሰው። ኢብን ፋድላን የሰማው የነጋዴው ጸሎት ውስጥም ከፀጉራሙ ቆዳ ጋር የሚቆጠሩት ሴቶች ልጆች ናቸው።

ያየኋቸው አንዳንድ የማስተማሪያ ወረቀቶች ዝርዝሩ መሃል «ባሪያዎች» ብለው በማርና በሰም መካከል ይወረውሩታል። ይሄ ከመዝለልም የባሰ ነው። እኛ ሁለት ነገር ወሰንን። በገበያው ጨዋታ ውስጥ ሰው የሚሸጥበት ካርድ አልሠራንም፤ ማንም ልጅ ጓደኛውን «እንዲገዛ» አናደርግም። ግን አልደበቅነውም። መምህርቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በተራ ቃል ነገረቻቸው፦ በወረራ የተያዙ ሰዎች ታስረው ይወሰዳሉ፣ በደብሊንና በሌሎች ገበያዎች ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹ በጣም ሩቅ ይደርሳሉ። ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ብዙም የማይናገር ልጅ «እንግዲያ ገዳሙን የዘረፉት ለወርቁ ብቻ አይደለማ» አለ። አምና እኔም ሳልጠይቀው ያለፍኩት ነገር ነው። ወረራውንና ንግዱን ሁለት ምዕራፍ አድርገን ነበር የምናስተምረው። ልጁ አንድ ምዕራፍ አደረጋቸው።

ለዚያ ሳምንት ቀለል ያለ ነገር ያስፈልገን ነበር። ሐሩን አመጣን። ኮፐርጌት ላይ የሐር ቆብ ተገኝቷል፤ ሐሩ ከባይዛንታይን አገር ወይም ከዚያም ወዲያ የመጣ ነው። ሊንከን ከተማ ላይ የተገኘው የሐር ቁራጭ በጣም ስለሚመስለው፣ ሁለቱም ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ ያሉ ባለሙያዎች አሉ። አንድ ነጋዴ ጣቃውን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ልጆቹ በቀላሉ ታያቸው።

እኔ ግን ልቤ ያለው ዛጎሉ ጋ ነው። ከዚያው ከኮፐርጌት አንድ ዛጎል ወጥቷል። ትልቅ፣ ነጠብጣብ ያለው ዓይነት። ይሄ ዓይነቱ የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በመጀመሪያ ሳነበው ተመልሼ አነበብኩት። ከምፅዋና ከዘይላ ፊት ለፊት ካለው ውኃ የወጣ ነገር፣ ዮርክ ውስጥ፣ በቫይኪንጎች ጭቃ ውስጥ!

በማግስቱ ከቤት አንቀልባ ይዤ ሄድኩ። እናቴ እኔን ያዘለችበት ነው፤ ቆዳው ላይ ዛጎል ተደርድሮበታል። ልጆቹ ዛጎሉን ቆጠሩ፣ ዳሰሱ፣ አንዷ አሻንጉሊት አዘለችበት። «እዩ፣ ከዚያው ባሕር!» ልል አፌን ስከፍት ከፊት የተቀመጠ ልጅ ፎቶውንና አንቀልባውን እያስተያየ «አንድ አይደሉም» አለ። ልክ ነው። የእኔው ትንሽ፣ ነጭ፣ ነጠብጣብ የሌለው ሌላ ዝርያ ነው። ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ «ጎበዝ፣ አርኪዮሎጂስቶችም እንዲህ እያስተያዩ ነው የሚለዩት» አልኩት። ዛጎሉ እንዴት ዮርክ ደረሰ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ልጆቹን በሰልፍ አቁመን አንድ ጠጠር ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍን። ከመጀመሪያው ልጅ እስከ መጨረሻው ጠጠሩ ክፍሉን ተሻገረ፤ አንድም ልጅ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ቫይኪንግ ቀይ ባሕር ድረስ መሄድ እንደማያስፈልገው ከዚህ ገባቸው።

ስለ አሰሳው የቀረን አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ስህተቱ የእኛ ነው፤ ካካው በልቶብናል። አይስላንድ፣ ግሪንላንድ፣ ከዚያ ካናዳ ውስጥ በኒውፋውንድላንድ የሚገኘው፣ ቫይኪንጎች የሰፈሩበት ላንስ ኦ ሜዶስ። ቦታውን በ1960 ሄልጌ ኢንግስታድ አገኘው፤ ባለቤቱ አርኪዮሎጂስቷ አኔ ስቲኔ ቁፋሮውን መራች። ልጆቹ ግን የወደዱት እንጨቱን ነው። በ993 ከፀሐይ የመጣ ኃይለኛ ጨረር በዓለም ዛፎች ሁሉ የዚያ ዓመት ቀለበት ላይ ምልክት ትቷል (ዛፍ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይጨምራል)። በላንስ ኦ ሜዶስ በብረት መሣሪያ የተቆረጠ እንጨት ላይ ሳይንቲስቶች ያንን ቀለበት አገኙና ወደ ቅርፊቱ ቆጠሩ። 28። ዛፉ የተቆረጠው እንግዲህ 993 ሲደመር 28። «1021!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ሳይንቲስቶቹ ውጤቱን ያሳተሙት በ2021 ነው፤ ልክ ከሺህ ዓመት በኋላ።

በመጨረሻው ቀን ያንኑ የአምናውን ጥያቄ ሰጠናቸው። ዘረፉ፣ ገደሉ የሚለው አልጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። ግን አሁን መዘኑ፣ ቆረጡ፣ ተከራከሩ፣ ተሸወዱ የሚሉ ግሦች ገብተዋል። አንዱ ልጅ ከጽሑፉ ሥር ሥዕል ጨምሯል። ሰውዬው በአንድ እጁ ሚዛን ይዟል፣ በሌላው የተቆረጠ ሳንቲም። ሁሉም ልክ ነው። ራሱ ላይ ግን ሁለት ትልልቅ ቀንድ አለ።

«ቀንድ እንደሌላቸው ተምረን የለ እንዴ?» አልኩት።

ሥዕሉን አየት አደረገና «አውቃለሁ ሚስ። ገበያ ላይ ገዝቶት ነው። ተሸውዶ» አለኝ።